የኦብጀክት ፋይሎች መጣጣም

ኦብጀክት ፋይል ማለት አሰምብለር ወይም ኮምፓይለር የፕሮግራምን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ ተርጉሞ የሚያወጣው፣ ገና ብቻውን ሊሠራ የማይችል ፋይል ነው። ሊንከር የተባለ ሌላ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ በርካታ ፋይሎችን አገጣጥሞ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። የኦብጀክት ፋይሎች መጣጣም የሚባለው፣ በተለያዩ አሰምብለሮች ወይም ኮምፓይለሮች የተሠሩ ፋይሎች በአንድ ሊንከር ሲያያዙ በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም መስጠታቸው ነው።

ጉዳዩ በተለይ በኢምቤድድ ሲስተም ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ኢምቤድድ ሲስተም ማለት በሌላ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጦ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የመኪና ሞተር መቆጣጠሪያና የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ምሳሌዎቹ ናቸው። በዚህ ዘርፍ አምራቾች የየራሳቸውን አሰምብለር ያቀርባሉ፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራምም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ በአንዱ አሰምብለር የተሠራን ክፍል በሌላው ከተሠራ ክፍል ጋር ማያያዝ ዘወትር ያጋጥማል። ሁለት ፋይሎች ያለ ምንም የስህተት መልእክት መያያዛቸው ግን መጣጣማቸውን አያረጋግጥም። የፋይሉ ቅርጽ ሊከበሩ ከሚገባቸው ስምምነቶች አንዱ ብቻ ነው።

በኦብጀክት ፋይል ውስጥ ያለው

አንድ ኦብጀክት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት ነገሮችን ይይዛል።

1. ክፍሎች። የማሽን ትእዛዞች፣ ቋሚ መረጃዎችና ተለዋዋጭ መረጃዎች በየክፍላቸው ይቀመጣሉ። ክፍል በእንግሊዝኛው አጠራር ሴክሽን ይባላል።
2. የስሞች ሠንጠረዥ። ፋይሉ ለሌሎች የሚያቀርባቸው ስሞችና ከሌሎች ፋይሎች የሚፈልጋቸው ስሞች እዚህ ይመዘገባሉ። እያንዳንዱ ስም ሲምቦል ይባላል።
3. የአድራሻ ማስተካከያ መዝገብ። ሊንከሩ የትኛውን ቦታ በየትኛው ስም አድራሻ፣ በምን ስሌት መሙላት እንዳለበት ይናገራል። ይህ ሪሎኬሽን ይባላል።
4. መግለጫ። ፋይሉ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ፣ ስንት ቢት እንደሆነና የመሳሰለውን ይገልጻል።

ከእነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። አሰምብለሩ አንድን ፋይል ሲተረጉም፣ በሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ንዑስ ፕሮግራም በማህደረ ትውስታ ውስጥ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። የራሱ ፋይል የት እንደሚያርፍም አያውቅም። ቤቱ ተሠርቷል፤ የቤት ቁጥሩ ግን ገና አልተሰጠም። ስለዚህ አሰምብለሩ የአድራሻውን ቦታ ክፍት ይተውና «ይህን ቦታ በዚህ ስም አድራሻ ሙላው» የሚል ማስታወሻ ያስቀምጣል። ሊንከሩ ሁሉንም ክፍሎች ቦታ ቦታቸውን ካስያዘ በኋላ ተመልሶ ክፍት ቦታዎቹን ይሞላል። ማስታወሻውን የጻፈው አሰምብለርና የሚያነበው ሊንከር በማስታወሻው ትርጉም ካልተስማሙ አድራሻው ይሳሳታል።

አመጣጥ

የተለያዩ ክፍሎችን አገጣጥሞ ፕሮግራም የመሥራት ሐሳብ ኮምፒዩተር ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረው ኤድሳክ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ዴቪድ ዊለር የንዑስ ፕሮግራሞችን አድራሻ በመጫኛ ጊዜ የሚያስተካክል አጭር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። በዚህም አንድ ጊዜ የተጻፈ ንዑስ ፕሮግራም በተለያዩ ፕሮግራሞች ውስጥ በተለያየ ቦታ ሊያርፍ ቻለ። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ስለዚህ አሠራር የጻፉት መጽሐፍ በ1951 ታተመ።

በዚያ ዘመን ሁሉም ሥራ በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ቡድን ይሠራ ስለነበር የመጣጣም ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም ነበር። ችግሩ የበረታው ማይክሮፕሮሰሰሮች ከተስፋፉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር አምራች የራሱን አሰምብለር፣ የራሱን ሊንከርና የራሱን የፋይል ቅርጽ ይዞ ብቅ አለ።

ዋና ዋና ቅርጾች

ኦኤምኤፍ። ኢንቴል ለራሱ ፕሮሰሰሮች ያወጣው ቅርጽ ነው። ለ8051 እና ለ8086 የተለያዩ ዝርያዎች አሉት። በዶስ ዘመን የማይክሮሶፍት ማስምና የቦርላንድ ታስም የሚያወጡት ፋይል በዚህ ቅርጽ ነበር።

ኮፍ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከኤቲ ኤንድ ቲ ዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት አሻሽሎ ለዊንዶውስ ተጠቅሞበታል። የተለያዩ አምራቾች የየራሳቸውን ለውጥ ስለጨመሩበት ሁለት ፋይሎች «ኮፍ» ተብለው እርስ በርስ ላይጣጣሙ ይችላሉ።

ኤልፍ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሲስተም ፋይቭ ሪሊዝ 4 የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ በሊኑክስና በአብዛኞቹ የማይክሮኮንትሮለር መሣሪያዎች ላይ የሚሠራበት ይህ ነው። ማንኛውም የኤልፍ ፋይል በአራት ባይቶች ይጀምራል፤ በአስርዮሽ ሲነበቡ 127፣ 69፣ 76 እና 70 ናቸው። አምስተኛው ባይት 1 ከሆነ ፋይሉ ባለ 32 ቢት፣ 2 ከሆነ ባለ 64 ቢት ነው። ስድስተኛው ባይት የባይቶችን ቅደም ተከተል ይነግራል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የፕሮሰሰሩ መለያ ቁጥር አለ፤ ለባለ 32 ቢት አርም 40፣ ለኤቪአር 83፣ ለኤክስቴንሳ 94፣ ለሪስክ ፋይቭ 243 ነው።

የየኩባንያው ቅርጾች። አይኤአር ለረጅም ጊዜ ኡብሮፍ የተባለ የራሱን ቅርጽ ሲጠቀም ቆይቷል። አርምም ወደ ኤልፍ ከመዞሩ በፊት ኤኦኤፍ የተባለ ቅርጽ ነበረው። ኤስዲሲሲ የተባለው ነፃ ኮምፓይለር ደግሞ ለ8051 የሚያወጣው ኦብጀክት ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ማንበቢያ ሊከፈት የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው።

የሄክስ ፋይል ኦብጀክት ፋይል አይደለም

ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚያደናግሩት አንድ ነገር አለ። ወደ ማይክሮኮንትሮለር የሚጫነው የኢንቴል ሄክስ ፋይል ኦብጀክት ፋይል አይደለም። በሄክስ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ምልክት ጀምሮ የባይቶቹን ብዛት፣ አድራሻቸውን፣ የመስመሩን ዓይነት፣ ባይቶቹን ራሳቸውንና የማረጋገጫ ድምር ይይዛል። የሞቶሮላ ኤስ ሪከርድም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ውስጥ ስም የለም፤ የአድራሻ ማስተካከያ መዝገብም የለም። ሁሉም አድራሻ ተሞልቶ አልቋል። ስለዚህ ሁለት የሄክስ ፋይሎችን አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ቢቻልም እንደ ኦብጀክት ፋይል ማያያዝ አይቻልም። ከኦብጀክት ወደ ሄክስ መሄድ ቀላል ነው፤ ከሄክስ ወደ ኦብጀክት ለመመለስ ግን የጠፋውን መረጃ የሚያመጣ መንገድ የለም።

አንዳንድ አሰምብለሮች ከነጭራሹ ሊያያዝ የሚችል ኦብጀክት ፋይል አያወጡም። አትሜል ለኤቪአር ማይክሮኮንትሮለሮቹ ያቀርበው የነበረው አሰምብለር የዚህ ዓይነት ነው። ብዙ ፋይሎች ያሉት ፕሮግራም ሲጻፍ ሁሉም ወደ አንድ ጽሑፍ ይጠቃለላሉ፤ አሰምብለሩም በቀጥታ የሄክስ ፋይል ያወጣል። በዚህ አሰምብለር የተጻፈን ሥራ በሲ ቋንቋ ከተጻፈ ፕሮግራም ጋር ማያያዝ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ወደ ሌላ አሰምብለር አጻጻፍ መለወጥ አለበት።

የመጣጣም ደረጃዎች

ሁለት ኦብጀክት ፋይሎች ተጣጣሙ ለማለት የሚከተሉት ሁሉ መሟላት አለባቸው።

ፕሮሰሰሩና ቅርጹ። ሁለቱም ለአንድ የፕሮሰሰር ቤተሰብ፣ በአንድ የፋይል ቅርጽ መሠራት አለባቸው። ይህ ካልተሟላ ሊንከሩ ፋይሉን አላውቀውም ብሎ ይመልሳል። ስህተቱ ወዲያው ስለሚታይ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ስሞች። በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሲ ኮምፓይለሮች በንዑስ ፕሮግራሙ ስም ፊት የግርጌ ሰረዝ ይጨምራሉ፤ በሊኑክስ ላይ ኤልፍ የሚያወጡ ኮምፓይለሮች ግን አይጨምሩም። ስለዚህ ስሙ በጽሑፉ ላይ አንድ ሆኖ ሳለ በኦብጀክት ፋይሎቹ ውስጥ ሁለት ሊሆን ይችላል። ሊንከሩ ስሙን አላገኘሁም ይላል። ይህም ወዲያው ይታያል።

የአድራሻ ማስተካከያ። አንዱ ቅርጽ ያለው የማስተካከያ ዓይነት በሌላው ላይኖር ይችላል። በኤልፍ ውስጥ እንኳ ሁለት መንገዶች አሉ። በባለ 32 ቢት አርም በአድራሻው ላይ የሚደመረው ቁጥር በክፍት ቦታው ውስጥ ራሱ ይቀመጣል፤ በኤቪአርና በሪስክ ፋይቭ ደግሞ በማስተካከያው መዝገብ ውስጥ ለብቻው ይጻፋል።

የአጠራር ስምምነት። አንድ ንዑስ ፕሮግራም ሌላውን ሲጠራ መረጃውን በየትኛው ሬጅስተር እንደሚያቀብል፣ ውጤቱን ከየት እንደሚቀበል፣ የትኞቹ ሬጅስተሮች ሳይነኩ መቆየት እንዳለባቸው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለ8051 የኬይል ኮምፓይለር አንድ ባይት የሆነን የመጀመሪያ መረጃ በሬጅስተር 7 ሲያቀብል፣ ኤስዲሲሲ ዲፒኤል በተባለው ሬጅስተር ያቀብላል። ኤክስቴንሳ በተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብም ኢኤስፒ8266 እና ኢኤስፒ32 የሚጠቀሙበት የአጠራር ስምምነት የተለያየ ነው።

የአጻጻፍ ትርጉም። አንድ ዓይነት የሚመስል የአሰምብሊ ጽሑፍ በሁለት አሰምብለሮች ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በኤቪአር ላይ የአትሜል አሰምብለር የፕሮግራም ማህደረ ትውስታን አድራሻ ሁለት ሁለት ባይት አድርጎ ይቆጥራል፤ የጂኤንዩ አሰምብለር ግን በባይት ይቆጥራል። በመጀመሪያው ላይ ከሠንጠረዥ ለማንበብ አድራሻውን በ2 ማባዛት ግድ ነው። ያው ጽሑፍ ማባዣው ሳይነሳ ወደ ሁለተኛው ከተወሰደ ፕሮግራሙ ከሠንጠረዡ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ያነባል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች ሊንከሩ አያያቸውም። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር የተጻፈበት ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመካተቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱን የሚያስቀምጡት በየራሳቸው የቁጥር ድልድል ነበር። በአንዱ የተጻፈ ፋይል በሌላው ሲከፈት ያለ ችግር ይከፈታል፤ የሚነበበው ግን ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። ፋይሉ ተከፈተ ማለት ተነበበ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ኦብጀክት ፋይሉ ተያያዘ ማለትም ተጣጣመ ማለት አይደለም። ልዩነቱ የተበላሸ ጽሑፍ ወዲያው ለዓይን ሲታይ፣ የተበላሸ ፕሮግራም ግን ለረጅም ጊዜ ሊደበቅ መቻሉ ነው።

ምሳሌ፦ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ

በሰሜን ወሎ በቆቦ አካባቢ የተዘረጋው የራያ ሜዳ ዝናብ የሚያጥረው ቆላ ሲሆን፣ ከከርሰ ምድር በፓምፕ በሚሳብ ውሃ መስኖ ይለማበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ፓምፕ ውሃ ባለቀበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃው ስለሆነ ባዶውን ሲሽከረከር ይቃጠላል። የሚከተለው ምሳሌ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ የሬጅስተሮቹ ሕግ ግን የኤቪአር ጂሲሲ ኮምፓይለር እውነተኛ ሕግ ነው።

መቆጣጠሪያው በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ በሚገኘው አትሜጋ328ፒ ተሠርቷል እንበል። ይህ ማይክሮኮንትሮለር 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማህደረ ትውስታና 2 ኪሎባይት ራም አለው። ዋናው ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ የመለኪያውን ንባብ ወደ ሴንቲሜትር የሚለውጠው ክፍል ግን ቀድሞ በአትሜል አሰምብለር ከተጻፈ ሥራ ተወስዶ፣ አጻጻፉ ወደ ጂኤንዩ አሰምብለር ተለውጦ የገባ ነው። ሁለቱም ፋይሎች ኤልፍ ናቸው፤ የሁለቱም የፕሮሰሰር መለያ 83 ነው፤ ስሞቻቸውም ይገጥማሉ። ሊንከሩ አንድም ቃል ሳይናገር ያያይዛቸዋል።

ክፍሉ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። የመለኪያውን ንባብ በ5 አባዝቶ ውሃው ከጉድጓዱ አፍ በስንት ሴንቲሜትር እንደራቀ ይመልሳል። በኤቪአር ላይ የማባዛት ትእዛዝ ውጤቱን በሬጅስተር 0 እና በሬጅስተር 1 ያስቀምጣል፤ ዝቅተኛው ባይት በ0፣ ከፍተኛው በ1። በኤቪአር ጂሲሲ ስምምነት ደግሞ ሬጅስተር 1 ሁልጊዜ ዜሮ ሆኖ መገኘት አለበት። ኮምፓይለሩ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ዜሮ ለመጻፍ ሲፈልግ ሬጅስተር 1ን እንዳለ ይገለብጣል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ በአሰምብሊ በነበረበት ጊዜ ይህ ሕግ ስላልነበረ፣ ክፍሉ ካባዛ በኋላ ሬጅስተር 1ን ወደ ዜሮ አይመልስም።

በመጀመሪያ መቆጣጠሪያው በሁለት ሜትር የሙከራ ገንዳ ይፈተናል። ፓምፑ እንዲጠፋ የተወሰነው ርቀት ለሙከራው ሲባል 150 ሴንቲሜትር ነው። ገንዳው ሲጎድል ንባቡ 40 ይሆናል፤ 40 በ5 ሲባዛ 200። ይህ ቁጥር ከ256 ስለሚያንስ በአንድ ባይት ይበቃል፤ ሬጅስተር 1 ዜሮ ይሆናል። ፕሮግራሙ «ፓምፑ ይጥፋ» ብሎ ዜሮ ይጽፋል፤ ፓምፑም ይጠፋል። ፈተናው ታለፈ።

ከዚያ መቆጣጠሪያው በጉድጓድ ላይ ይተከልና ርቀቱ 900 ሴንቲሜትር ይደረጋል። ውሃው ሲሸሽ ንባቡ 200 ይደርሳል፤ 200 በ5 ሲባዛ 1000። አንድ ሺህ ማለት 3 ጊዜ 256 ሲደመር 232 ነው፤ ስለዚህ በሬጅስተር 0 ውስጥ 232፣ በሬጅስተር 1 ውስጥ 3 ይቀራል። ፕሮግራሙ 1000 ከ900 እንደሚበልጥ በትክክል ይረዳል፤ ፓምፑ እንዲጠፋም ይወስናል። ነገር ግን ዜሮ ልጽፍ ብሎ የሚገለብጠው ሬጅስተር 1ን ነው፤ የሚጻፈውም 3 ነው። ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ «ይሥራ» ማለት ስለሆነ ፓምፑ በባዶ ጉድጓድ ውስጥ መሽከርከሩን ይቀጥላል።

መፍትሔው ከመመለሱ በፊት ሬጅስተር 1ን ዜሮ የሚያደርግ አንድ ትእዛዝ መጨመር ነው። ስህተቱን ከባድ የሚያደርገው መታረሙ ሳይሆን መገኘቱ ነው። መለኪያው ትክክል ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ውሳኔው ትክክል ነው፤ የሲው ጽሑፍም ምንም አይጎድለውም። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲመረመር ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው፣ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ባልሰፈረ ስምምነት ላይ ነው።

የአርም ስምምነት

እንዲህ ያለውን ችግር ለመቀነስ አንዳንድ የፕሮሰሰር ባለቤቶች ስምምነቱን በጽሑፍ አውጥተዋል። ከእነዚህ በሰፊው የሚታወቀው አርም ለፕሮሰሰሮቹ ያወጣው የጋራ ደንብ ነው። በባለ 32 ቢት ደንቡ የመጀመሪያዎቹ አራት መረጃዎች በሬጅስተር 0 እስከ 3 ይተላለፋሉ፤ ተጠሪው ክፍል ሬጅስተር 4 እስከ 11ን ሊጠቀምባቸው ከፈለገ አስቀምጦ መመለስ አለበት። ደንቡን የሚያከብሩ የአርም፣ የጂኤንዩና የአይኤአር መሣሪያዎች ምንም እንኳ የአሰምብሊ አጻጻፋቸው የተለያየ ቢሆን የሚያወጧቸው ኦብጀክት ፋይሎች እርስ በርስ ሊያያዙ ይችላሉ። አንድን ስም ለሌሎች ፋይሎች ለማቅረብ በአርም አሰምብለር «ኤክስፖርት»፣ በጂኤንዩ «ግሎባል»፣ በአይኤአር «ፐብሊክ» ይባላል፤ በኦብጀክት ፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ውጤት ግን አንድ ነው።

ደንቡ ፋይሎቹ ስለራሳቸው የሚናገሩበትን ቦታም አዘጋጅቷል። ለምሳሌ የነጥብ ቁጥሮችን በልዩ ሬጅስተሮች የሚያቀብል ፋይል በተራ ሬጅስተሮች ከሚያቀብል ፋይል ጋር ሲገናኝ ሊንከሩ ምልክታቸውን አይቶ ይከለክላል። በእጅ የተጻፈ የአሰምብሊ ፋይል ግን ምልክቱ ካልተጻፈበት ከዚህ ቁጥጥር ሊያመልጥ ይችላል።

በኮርቴክስ ኤም ፕሮሰሰሮች ላይ የሚታወቅ ሌላ ወጥመድ አለ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት ተምብ በተባለው የትእዛዝ ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ ወደ አንድ ንዑስ ፕሮግራም ለመሄድ የሚያገለግለው አድራሻ የመጨረሻ ቢቱ 1 መሆን አለበት። ሊንከሩ ይህን ቢት የሚያኖረው ስሙ የተምብ ንዑስ ፕሮግራም መሆኑ በስሞች ሠንጠረዥ ላይ ከተመዘገበ ነው። በጂኤንዩ አሰምብለር ጸሐፊው ይህን የሚገልጸውን መስመር ከዘነጋ ፋይሉ ያለ ችግር ይያያዛል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በዚያ አድራሻ ለመሄድ ሲሞክር የስህተት ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ይህ ስህተት ከኤቪአሩ ምሳሌ የሚሻለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ስለሚያቆመው ነው።

አሰምብለር ሲቀየር

አሰምብለር የሚቀየረው በባለሙያው ፍላጎት ብቻ አይደለም። ማይክሮቺፕ ለፒክ ማይክሮኮንትሮለሮቹ ለብዙ ዓመታት ሲያቀርበው የነበረው ኤምፒኤኤስኤም አሰምብለር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ኤምፒላብ ኤክስ 5.40 ጀምሮ ከጥቅሉ ወጥቷል። በምትኩ የቀረበው የኤክስሲ8 አሰምብለር ክፍሎችን የሚሰይምበትና ለሊንከር የሚያስረክብበት መንገድ የተለየ ስለሆነ፣ የቀድሞው ጽሑፍ እንዳለ አይተረጎምም፤ የቀድሞው ኦብጀክት ፋይልም ከአዲሱ ጋር አይያያዝም። ኩባንያው ለሽግግሩ ልዩ መመሪያ አዘጋጅቷል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጽሑፉን ወደ አዲሱ አጻጻፍ መለወጥ ነው። ከሁሉም አስተማማኙ ይህ ነው፤ የሚቻለው ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ ካለ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኦብጀክት ፋይሉን ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጥ ነው። የጂኤንዩ ኦብጅኮፒ አንዳንድ ቅርጾችን ይለውጣል። አግነር ፎግ የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ ያዘጋጀው ኦብጅኮንቭ ደግሞ የኢንቴል ቤተሰብ ፋይሎችን ከኦኤምኤፍ፣ ከኮፍና ከኤልፍ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል። መለወጫው የሚለውጠው መያዣውን ነው፤ የአጠራር ስምምነቱን አይለውጥም።

ሦስተኛው በመካከል አስታራቂ ክፍል መጻፍ ነው። ይህ ጥቂት መስመር ያለው ንዑስ ፕሮግራም መረጃውን በአንዱ ስምምነት ተቀብሎ ሬጅስተሮቹን ካዘዋወረ በኋላ በሌላው ስምምነት ያቀብላል። ከላይ በተሰጠው የፓምፕ ምሳሌ ክፍሉን ጠርቶ ሲመለስ ሬጅስተር 1ን የሚያጸዳ አስታራቂ ቢኖር ኖሮ አሮጌውን ጽሑፍ መንካት እንኳ ባላስፈለገ ነበር።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቶ በእጅ ያለው የሄክስ ፋይል ብቻ ከሆነ ሦስቱም መንገዶች ይዘጋሉ። ስለዚህ አንድን መሣሪያ የሚረከብ ድርጅት የተጫነውን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ የአሰምብለሩንና የሊንከሩን ስምና ስሪት፣ እንዲሁም ሊንከሩ የተጠቀመበትን የአድራሻ ድልድል አብሮ መረከቡ ይጠቅመዋል።

እንዴት ይመረመራል

ከጂኤንዩ መሣሪያዎች ጋር በነፃ የሚገኙ አራት ፕሮግራሞች ለአብዛኛው ምርመራ ይበቃሉ። ሪድኤልፍ የፋይሉን መግለጫና ምልክቶቹን ያነባል። ኤንኤም ፋይሉ የሚያቀርባቸውንና የሚፈልጋቸውን ስሞች ይዘረዝራል። ኦብጅደምፕ የማሽን ትእዛዞቹን መልሶ ወደ አሰምብሊ ጽሑፍ ሲቀይር የአድራሻ ማስተካከያዎቹንም አብሮ ያሳያል። ሳይዝ የክፍሎቹን መጠን ይናገራል። ሊንከሩ ራሱ የሚያወጣው ካርታ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የት እንዳረፈ ያሳያል።

ምርመራው ከላይ በተዘረዘሩት ደረጃዎች ቅደም ተከተል ቢሄድ ጊዜ ይቆጥባል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩና ቅርጹ፣ ቀጥሎ ስሞቹ፣ ከዚያ ማስተካከያዎቹ፣ በመጨረሻ የሬጅስተሮቹ አጠቃቀም ይታያል። ለመጨረሻው ደረጃ የኮምፓይለሩን መመሪያ ከፍቶ በእጅ የተጻፈውን ክፍል መስመር በመስመር ከማመሳከር በቀር አቋራጭ የለም። ሙከራውም መረጃው አንድ ባይት የሚሞላበትንና የሚያልፍበትን ቁጥር ማካተት ይኖርበታል። በፓምፑ ምሳሌ በ51 እና በ52 ንባቦች መሞከር ብቻ ስህተቱን ያወጣው ነበር፤ 51 በ5 ሲባዛ 255፣ 52 በ5 ሲባዛ 260 ነውና።

በትምህርት ውስጥ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማይክሮፕሮሰሰር ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በ8086 ላይ ነው። ተማሪው አንድ የአሰምብሊ ፋይል ይጽፋል፤ ተርጉሞ ያስኬዳል፤ ውጤቱን ያያል። ፕሮግራሙ በሙሉ የአንድ ሰው፣ በአንድ አሰምብለር የተሠራ ስለሆነ የሬጅስተር ስምምነት ጥያቄ አይነሳም። በኋላ ተማሪው በአርዱዊኖ ወይም በአርም ማይክሮኮንትሮለር የመመረቂያ ሥራውን ሲሠራ አሰምብሊን የሚያገኘው ከሲ ጋር ተደባልቆ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ቀላሉ ልምምድ አንድን አጭር የሲ ንዑስ ፕሮግራም ኮምፓይለሩ ወደ አሰምብሊ ሲለውጠው ማየት፣ ያንኑ ሥራ በእጅ በአሰምብሊ መጻፍ፣ ሁለቱን ኦብጀክት ፋይሎች በኦብጅደምፕ ጎን ለጎን ማስተያየት፣ ከዚያም በእጅ የተጻፈውን በኮምፓይለሩ ቦታ ተክቶ ማያያዝ ነው። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። የአጠራር ስምምነት ምን እንደሆነም ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ በግልጽ ያሳያል።